ፀረ እንግዳ

በአማርኛችን ሐኪሙም ወታደሩም እኩል የሚጠቀሙበት አንድ ቃል አለ፤ «መከላከል» የሚለው። ሰውነት በሽታን ይከላከላል፤ ሠራዊት ጠላትን ይከላከላል። የአገር ጦር «መከላከያ» ይባላል፤ ሕፃን የሚወጋው ክትባትም የበሽታ «መከላከያ» ነው። ፈረንጆቹ ለዚሁ ለሥጋው ጉዳይ የሚጠቀሙበት ቃል ግን ከጦር ሜዳ አልተወለደም። «ኢሙኒታስ» የሮማውያን የሕግ ቃል ነበር፤ ከግብርና ከግዳጅ አገልግሎት ነፃ መሆን ማለት ነው። ዛሬ የምክር ቤት አባል «ያለመከሰስ መብት» አለው ስንል ያንኑ የጥንቱን ቃል በራሳችን አፍ መናገራችን ነው። እኛ እንግዲህ አንዱን ቃል ለሁለት ከፍለን፣ ለሕጉ የሕግ ስም ሰጥተን፣ ለሥጋው የወታደር ስም አወጣንለት።

ከዚህም የባሰ አለ። በደማችን ውስጥ ተሐዋስያንን እየለዩ የሚይዙትን ረቂቅ ነገሮች፣ ፈረንጅ «አንቲቦዲ» የሚላቸውን፣ «ፀረ እንግዳ አካላት» ብለው የተረጎሙልን ሰዎች አሉ። ተርጓሚው ክፉ አላሰበም። ግን በአማርኛ እንግዳ ማን ነው? መሽቶበት ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ» ሲል በር የሚከፈትለት፣ እግሩ የሚታጠብለት፣ ለልጆች ሳይበቃ ለእሱ የሚቀርብለት ሰው ነው። እዚያው ላይ ደግሞ «እንግዳ ነገር» ስንል ያልታወቀና የሚያስጠረጥር ማለታችን ነው። ሁለቱ ስሜቶች በአንድ ቃል ጣራ ሥር አብረው ሲኖሩ ኖረዋል። የሕክምናው ትርጉም ግን ሁለተኛውን መርጦ በሩ ላይ «ፀረ» የሚል ዘበኛ አቆመበት።

ቃል ስመነጥር የምውለው ሥራ ፈትቼ አይደለም። አንድ ጥያቄ አላስተኛ ስላለኝ ነው።

ጥያቄውን የሰማሁት ጋምቤላ ከተማ ነው፤ ከባሮ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ዝናቡ ሊገባ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ በሚፋጅበት ሰሞን። ጠያቂው በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ የተማሩና ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። የየትኛው ወገን ሰው እንደሆኑ አልጽፍም። ለምን ቢሉ፣ ያንኑ ነገር በሌላ አነጋገር ከሌላውም፣ ከሦስተኛውም ወገን ሰምቼዋለሁና አንዱን ብቻ ማሳጣት ይሆንብኛል። «ወንድሜ» አሉኝ፤ «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ መቼም አንብበሃል። ሰውነታችን በሕይወት የሚኖረው የራሱን ከባዕዱ ለይቶ ባዕዱን እየገደለ አይደለም? ይህን የሠራው ፈጣሪ ነው። ታዲያ ሕዝብ ይህንኑ ሲያደርግ ነውሩ የት ላይ ነው?»

«ጋሼ፣ ሰው እኮ ጀርም አይደለም» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ጀርሙስ ጀርም መሆኑን መቼ ያውቃል?» አሉኝ።

መልሱ ብልጠት ነበረበት፤ ዝም አልኩ። ነገሩ ግን የሻይ ቤት ፍልስፍና ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። ጋምቤላ «ማን የቤት ልጅ ነው፣ ማን መጤ ነው» የሚለው ጥያቄ የዕለት እንጀራ የሆነበት ምድር ነው። አኙዋ፣ ኑዌር፣ መዠንገር፣ ኦፖና ኮሞ የክልሉ ነባር ብሔረሰቦች ተብለው ይታወቃሉ። ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ሲቆረቆር፣ በክረምት ውኃው ሲሞላ ከካርቱም በእንፋሎት መርከብ የሚመጣ ነጋዴ፣ ከደጋው ቡና ጭኖ የሚወርድ ሲራራ ተጨመረ። በ1977ቱ ረሃብ ከሰሜንና ከደቡብ በሠፈራ የመጣው ገበሬ ተጨመረ። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ደቡብ ሱዳን እርስ በርስ መዋጋት ስትጀምር በመቶ ሺህ የሚቆጠር ስደተኛ ተሻገረ። በ1999ኙ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ ከ300 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየመጠለያው የሰፈረው ስደተኛ ቁጥር ከዚህ ጋር የሚስተካከልበት ጊዜ መጥቷል። እኔን ራሴን የዓሣ ሻጯ በአማርኛ «ደገኛው፣ አምባዛ አለ!» ብላ ስትጠራኝ በስድብ አልነበረም፤ አጎቴን በስሙ እንደሚጠሩት ያህል ነው። ነገር ግን ወገን ሳይጠራ ዓሣ እንኳ የማይሸጥበት ቦታ መሆኑ ገብቶኛል።

ለሰውየው መልስ ፍለጋ ወደ መጻሕፍት ስሄድ የገጠመኝ ነገር አስገረመኝ። «ሰውነት የራሱን ከባዕዱ ይለያል» የሚለው ትምህርት የተፀነሰው ከሰው አካል ሳይሆን ከባሕር እንስሳ ነው። ሩሲያዊው ኤሊ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1882 በሲሲሊ ደሴት፣ ሜሲና በምትባል የወደብ ከተማ ሳለ፣ ቤተሰቡ የሰለጠኑ ዝንጀሮዎች ትርኢት ሊያይ ሲወጣ እሱ ብቻውን ቤት ቀረ። እንደ ውኃ የጠራ አካል ያላቸውን የባሕር ኮከብ ጫጩቶች በአጉሊ መነጽር ሲመለከት አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ከአትክልቱ ቦታ የጽጌረዳ እሾህ ቀጥፎ ቆዳቸው ሥር ሰካው። በማግሥቱ ጠዋት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከብበው አገኛቸው። እ.ኤ.አ. በ1908 ለኖቤል ሽልማት ያበቃው የምርምር መንገድ ከዚያ ጀመረ። ከእሱ በኋላ አውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔት ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር አሰረው፤ ሰውነት «ራሱን» ከ«ራሱ ካልሆነው» ይለያል አለ። ሐረጉ አጭር ነበርና ከላቦራቶሪ ለመውጣት ጊዜ አልፈጀበትም።

እዚህ ላይ ጋምቤላ የምትወድደው ምሳሌ አለ፤ የከብት ነገር ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ1945 ሬይ ኦወን የሚባል አሜሪካዊ የመንታ ጥጆችን ደም ሲመረምር፣ መልካቸው የማይመሳሰል፣ አባታቸው እንኳ የተለያየ ሊሆን የሚችል መንትዮች አንዱ የሌላውን የደም ሕዋሳት ተሸክሞ ዕድሜ ልኩን እንደሚኖር አየ። በማኅፀን ሳሉ ደማቸው ተቀላቅሏል፤ ከተወለዱም በኋላ አይጣሉም። በርኔትና እንግሊዛዊው ፒተር ሜዳዋር እ.ኤ.አ. በ1960 የተሸለሙት ይህንኑ ተከትለው ነው፤ ሰውነት ባዕዱን መቻል የሚማርበት ዕድሜ እንዳለ በማሳየታቸው። «ራስ» የሚባለው ነገር ከመጀመሪያው ተጽፎ የመጣ ሳይሆን፣ ከማን ጋር አብረህ አደግህ የሚል የኑሮ ታሪክ ያለበት ነገር ሆኖ ተገኘ። ሽልማቱ የተሰጠው መባረርን ሳይሆን መቻልን ላጠኑ ሰዎች መሆኑን የሻይ ቤቱ ወዳጄ ቢያውቁ ምን ይሉ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ይሁንና ወዳጄን በቀላሉ ልረታቸው አልፈልግም። እሳቸውን የሚደግፍ ማስረጃ አለና ያንንም ልናገር።

ባሮ ተንጣሎ በሚፈስበት ቆላ፣ በረግረጉ ውስጥ፣ ሳንባ ያለው ዓሣ አለ። በዚህ በነጭ ዓባይ ተፋሰስ የኢትዮጵያ ክፍል ተመራማሪዎች ከ100 በላይ የዓሣ ዝርያ መዝግበዋል፤ አምባዛውም ቆሮሶውም ናይል ፐርቹም በዚያ ውስጥ ናቸው፤ የባለሳንባው ወገን ግን ከሁሉም ይለያል። አብዛኛው ዓሣ በስንጥቡ ብቻ ሲተነፍስ ይህ እየወጣ አየር ይስባል። ኩሬው ሲደርቅ ሌላው ሲሞት እሱ ጭቃው ውስጥ ቆፍሮ ይገባል፤ ቆዳው የሚያመነጨው ዝልግልግ ደርቆ እንደ ብራና ይሸፍነዋል፤ እዚያ ውስጥ ተጠቅልሎ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይበላና ሳይጠጣ ይቆያል። በአፍሪካ ብዙ ቦታ ይህን ዓሣ የሚይዙት በመረብ ሳይሆን ከደረቅ ጭቃ በመቆፈሪያ አውጥተው ነው። ሽፋኑ እንዳይደርቅ ብቻ የሚጠቅም የሞተ ነገር ነው ተብሎ ረጅም ዘመን ኖረ።

ባሕር በሌለባት፣ በረሃ በሆነችው የአሜሪካ ግዛት በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የዓሣን በሽታ የመከላከል አቅም የምታጠናው ኢሬኔ ሳሊናስ፣ ከራያን ሃይምሮትና ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣችው ጥናት ይህን እምነት ገለበጠው። ሽፋኑ ሕይወት ያለው ሥጋ ነው። ዓሣው ውኃውን ሲያጣ ቆዳው እንደ ቁስል ይቆጣል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቆዳው ይጎርፋሉ፤ ቆዳውን ዘልቀውም ወደ ሽፋኑ ይገባሉ። እዚያ ሲደርሱ የገዛ ዘር ቁሳቸውን፣ ዲኤንኤ የሚባለውን፣ እንደ መረብ ዘርግተው ከጭቃው የሚመጣውን ባክቴሪያ ያጠምዱታል። ዓሣ ራሱ አጥማጅ ሆነ ማለት ነው፤ መረቡም የተፈተለው ከገዛ አካሉ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓሣው ተኝቶ፣ የአካሉ እሳት ረመጥ ብቻ በቀረበት ጊዜ ነው።

ተመራማሪዎቹ ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ሳነብ ትንሽ ቆም አልኩ። መረቡን የሚበጥስ ንጥረ ነገር በተኛው ዓሣ ላይ ረጩበት። ዓሣው ቆሰለ፣ ደማ፣ ደሙ ተመረዘ። መረቡ ዋዛ አለመሆኑ በዚህ ታወቀ። አንድ ፍጥረት አንቀላፍቶ ሳለ ጋሻውን ገፍፎ ጋሻ እንደነበረው ማረጋገጥ፣ ዕውቀት ብዙ ጊዜ የሚገኝበት መንገድ ይኸው ነው። ማውገዝ አልቻልኩም፤ ልጄ የምትወጋው ክትባት በስንት እንስሳ ሕመም እንደተገኘ አውቃለሁ። ግን «ረጩበት» የሚለውን ቃል በፍጥነት አንብቤ ማለፍም አልቻልኩም።

እንግዲህ ወዳጄ ይህን ቢሰሙ «አላልኩህም?» ይሉኛል። ጥበቃው ሲነሣ ደሙ ተመረዘ። እውነት ነው። ሰውነት ያለ መከላከያ ይኖራል የሚል ካለ ይህን ዓሣ አላየም። ግን ምስክሩን ከጠሩት አይቀር እስከ መጨረሻው ይስሙት እላለሁ። መረቡ የተዘረጋው ከቆዳው ውጭ ነው። ዓሣው በዙሪያው ያለውን ጭቃ ከባክቴሪያ ላጽዳ አላለም፤ ከዚያው ጭቃ ጋር ጎን ለጎን ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል። ሲዘንብ ደግሞ ሽፋኑን ጥሎት ይወጣል። ዘላለም ሽፋን ውስጥ የሚኖር ዓሣ የለም፤ አይበላም፣ አይወልድም፣ ሽፋኑ መቃብሩ ይሆናል።

ሌላ ዓሣ ደግሞ አለ፤ ትራውት። ዓሣን የዳሰሰ ሁሉ የሚያውቀው ያ የሚያዳልጥ ዝልግልግ በባክቴሪያ የተሞላ ነው፤ በጤነኛው ዓሣ ላይ ማለቴ ነው። የዓሣ የውጭ ቆዳ እንደ እኛ የሞተ ንጣፍ የለውም፤ ሕያው ሥጋ ነው ከውኃው ጋር የሚነካካው። እ.ኤ.አ. በ2005 በዓሦች ውስጥ ብቻ የሚገኝ «አይ ጂ ቲ» የተባለ አንቲቦዲ ተገኘ፤ ኋላም እ.ኤ.አ. በ2010 ሳሊናስ ከተካፈለችበት ጥናት ጀምሮ በአንጀት፣ ቆይቶም በቆዳና በስንጥብ ላይ ምን እንደሚሠራ ታየ። ይህ «ፀረ እንግዳ» የተባለ ነገር በጤነኛው ዓሣ አካል ላይ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ለብጧቸው ይገኛል፤ ለብጧቸው እነሱም ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ይህን አንቲቦዲ ከትራውቱ ሲያስወግዱት ሁለት ነገር ሆነ፤ ጥገኛ ተውሳኩ በረታበት፤ ነባሮቹ የባክቴሪያ ጎረቤቶቹም ሥርዓታቸው ተናጋ። አንዱ ነገር ለጠላቱ አጥር፣ ለጎረቤቱ ደግሞ የኑሮ ደንብ ነበር። «ፀረ እንግዳ» ከማለት ይልቅ «እንግዳ ተቀባይ ሽማግሌ» ብንለው ስህተቱ ከዚያኛው አይብስም።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን በጥልቁ ባሕር ጨለማ የሚኖረው አንግለር የሚባለው ዓሣ ነው። በአንዳንዶቹ ዝርያዎች፣ ከሴቷ ብዙ እጥፍ የሚያንሰው ወንድ፣ በስንት መከራ ሲያገኛት ነክሷት በዚያው ይቀራል፤ ሥጋቸው ይጋጠማል፣ ደማቸው አንድ ይሆናል። በእኛ አካል የሌላ ሰው ኩላሊት ሲገባ ሰውነት እንደሚያምጽበት፣ እነዚህ እንዴት አላመጹም? እ.ኤ.አ. በ2020 በጀርመን በፍራይቡርግ በቶማስ ቦህምና በባልደረቦቹ የተመራው ጥናት መልሱን አገኘ፤ እነዚህ ዓሦች አንቲቦዲን ለማብሰልና ገዳይ ሕዋሳትን ለማሰማራት የሚያገለግሉትን ዘሮች በትውልድ ብዛት ጥለዋቸዋል። ለመጋባት ሲሉ ትጥቅ ፈቱ። ፈትተውም አልጠፉም።

አንባቢዬ እዚህ ላይ «ይኸው፣ ዓሣው ፍቅርን አስተማረን» ብዬ ብዕሬን የምሰቅል ሊመስለው ይችላል። ደግሞ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እናውቃለን፤ ጉንዳን ትጋትን፣ ንብ አንድነትን፣ ርግብ የዋህነትን ስታስተምረን ያደግን ነን። እኔ ግን ያንን አልልም። ለመጨከን የፈለገ ባለሳንባውን ይጠቅሳል፤ ለመራራት የፈለገ አንግለሩን ይጠቅሳል፤ ባሕር ሰፊ ነው፣ ለሁሉም የሚሆን ዓሣ አይጠፋበትም። ምርጫው የተደረገው ግን መረቡ ከመጣሉ በፊት ነው። የስኮትላንዱ ዴቪድ ሂዩም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር፤ ሰዎች «እንዲህ ነው» እያሉ ሲያወሩ ቆይተው ሳይታወቅ «እንዲህ ይሁን» ወደሚለው ይሻገራሉ፤ መሻገሪያው ድልድይ የት እንዳለ ግን አያሳዩም። እኔም የወዳጄን ድልድይ አፍርሼ የራሴን ልሠራ አልችልም።

ይልቅስ የሚያሳስበኝ ምሳሌው ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው። ሕዝብን «አካል» ስንል ሰውን ምን አደረግነው? ሕዋስ አደረግነው። ሕዋስ ደግሞ አይጠየቅም። በአካል ውስጥ በሕይወት መኖርና መሞት የሚባለው ነገር የጠቅላላው ነው፤ ቆዳ ላይ በየቀኑ የሚረግፈው ስፍር ቁጥር የለሽ ሕዋስ ቀብር የለውም፣ እናት የለችውም። አንድ ሕዋስ ንጹሕ ነው ወይም ጥፋተኛ ነው አይባልም፤ ምልክቱ ብቻ ይታያል። ምልክቱ ባዕድ ከሆነ አበቃ።

እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ ሬዲዮ ሰዎች «በረሮ» እየተባሉ ሲጠሩ የተደረገው ይህ ነው። ሩቅ መሄድም አያሻም። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. ከጋምቤላ ከተማ ውጭ በመኪና ይጓዙ የነበሩ ስምንት ሰዎች በደፈጣ ተገደሉ። አስከሬናቸው ከተማ ገባ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሰዓታትና ቀናት ወታደሮችና ከደጋው የመጡ ነዋሪዎች በአኙዋ ወንዶች ላይ ተነሡ። የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን የሟቾቹን ቁጥር በአሥሮች ሲያስቀምጥ፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ዘገባ እስከ 424 አድርሶታል። ስንት እንደሞቱ መከራከር ይቻላል፤ ሟቾቹ እንዴት እንደተመረጡ ግን ብዙ የሚያከራክር አይደለም። ያን ዕለት «አንተ ያን መኪና ተኩሰህበታል?» ተብሎ የተጠየቀ የለም። ምልክቱ ታየ። ስምንቱንም የገደሏቸው ሰዎች ቢሆኑ መኪና ውስጥ ያየቱት ሌላ አይመስለኝም፤ ስማቸውን አልጠየቁም።

የሻይ ቤቱ ወዳጄ ክርክር የሚሰነጠቀው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ሰውነት ባዕዱን ሲገድል አይበድልም፤ የሚበደል የለምና። ሰው ሰውን ሲገድል ግን የጠፋው የአንድ ትልቅ አካል ቅንጣት አይደለም። ለሟቹ ጠቅላላው ዓለም ነው የጠፋው። በሰው ዘንድ እያንዳንዱ ጠቅላላ ነው። «ጀርሙስ ጀርም መሆኑን መቼ ያውቃል?» ላሉኝ፣ አዎ፣ አያውቅም፤ ሰው ግን ሰው መሆኑን ያውቃል፣ ልለምንህ ብሎ እጁን ያነሣል፣ ስሙን ይነግራል። ስሙን የሚናገር ነገር በምልክቱ ብቻ ሊፈረድበት አይገባም። ይህን ያን ዕለት ብላቸው ኖሮ ሻዩን እሳቸው ይከፍሉ ነበር።

ይህም ሆኖ አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ሕዝብ ራሱን መጠበቅ የለበትም ወይ? አለበት እንጂ። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በአንድ ቀን ከ200 በላይ ሰው ገድለው ሕፃናትን ሲነዱ ለዚያ ሰፈር ሰው ስለ አንግለር ዓሣ ላወራለት አልችልም። ግን መጠበቅ ሁሉ በአካል አምሳል መሆን አለበት ወይ? ለዚህ ጋምቤላ ራሷ የምትሰጠው መልስ አለ፤ ከዓሣም አይርቅም።

ጊኒ ዎርም የሚባል ትል አለ። ውኃ ውስጥ በሚኖሩ ለዓይን በሚያስቸግሩ ጥቃቅን ነፍሳት ተሸክሞ ከሚጠጣ ውኃ ጋር ሰው ሆድ ይገባል፤ ዓመት ያህል ቆይቶ እንደ ክር ረዝሞ አብዛኛውን ጊዜ በእግር በኩል ቆዳ ሰንጥቆ ይወጣል። ያቃጥላል፤ ሰውየው እግሩን ለማብረድ ኩሬ ውስጥ ሲነክር ትሉ ዕጩን ይለቃል። በዚያው ዑደቱ ይቀጥላል። የሚገርመው፣ በዚህ ትል ላይ ሰውነታችን ምንም አይፈይድም። አንዴ የያዘው ዳግም አይያዝም ማለት አይቻልም። ክትባት የለውም፤ የሚያድን መድኃኒትም የለውም፤ በእንጨት ላይ በቀን በቀን እየጠመጠሙ ማውጣት ነው። የተመሰገነው ነጭ የደም ሕዋስ፣ የዲኤንኤው መረብ፣ አንቲቦዲው፣ ሁሉም እጅ ሰጥተዋል።

ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም 3.5 ሚሊዮን ገደማ ሕመምተኛ የነበረው በሽታ ዛሬ በዓመት በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ብቻ ይታያል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ምሽጉ ጋምቤላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 አንድም ሰው አልታመመም፤ በ2020 እንደገና 11 ሰዎች ታመሙ፤ በ2021 አንድ፣ በ2022 አንድ፤ በ2023 ማንም። ይህን ያደረገው የበቀል እጅ አይደለም። ውኃ በጨርቅ ማጣራት ነው፤ ትሉ የወጣበት ሰው ወደ ኩሬው እንዳይገባ ማድረግ ነው። ሁለተኛውን ልብ በሉ። እግሩ የሚነድድ ሰው ከኩሬው እንዲርቅ የሚደረገው ስለተባረረ አይደለም። ማረፊያ ይሰጠዋል፣ ቁስሉ ይታሰርለታል፣ ውኃ በባልዲ ይመጣለታል። የሚቀጥለው ዓመት ሕመምተኛ ጎረቤቱ ነውና፣ ጎረቤቱን የሚጠብቀው እሱ ነው። ሥጋ ያልቻለውን የቻለው ስምምነት ነው፤ ያውም አኙዋውም ኑዌሩም ስደተኛውም ከሚቀዳው ኩሬ ዳር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። አላበቃም። ትሉ ከሰው ሲሸሽ ውሻ ላይ፣ ድመት ላይ፣ በዱር ዝንጀሮ ላይ ተገኘ፤ ጥሬ ዓሣና የዓሣ ሆድ ዕቃ ሳያመላልሰው እንዳልቀረ ይገመታል። ዓሣው አይታመምበትም፤ ያሻግረዋል እንጂ። ስለዚህ በአቦቦና በጎግ ወረዳዎች ውሾች መታሰር ጀመሩ፤ የታመመው ብቻ አይደለም፣ ጤነኛውም ጭምር፣ ምናልባት ብሎ። እንግዲህ ስም ሳይጠየቅ በወገኑ ብቻ የተያዘ ፍጥረት ይኸው።

አንዲት እናት ውሻቸው ግንድ ላይ ታስሮ ሲያላዝን «ይሄ ደግሞ ምን አጠፋ?» ሲሉ ሰምቻለሁ። የጤና ሠራተኛው ወጣት ምንም እንዳላጠፋ ነገራቸው። በአኙዋኛ ይሁን በአማርኛ ሁለቴ ደጋገመው፤ «እማማ፣ ምንም አላጠፋም»። ከዚያ ስለ ገመዱ ርዝመት ተነጋገሩ፤ ጥላው ድረስ እንዲደርስ ይርዘም አሉ፤ ረዘመ። የዓሣውን ሆድ ዕቃ ማን እንደሚቀብረው፣ ለውሻው የተቀቀለ ማን እንደሚሰጠው፣ ውኃውን ማን እንደሚያጣራለት ተነጋገሩ። የልጅ ልጃቸው እኔ አደርገዋለሁ አለች። እናትየዋ ግን ወጣቱ ከሄደም በኋላ ውሻው አጠገብ ቁጭ ብለው በእጃቸው ዝንብ ያባርሩለት ነበር፤ ፊታቸውም አልተፈታም።